ያልታመሙት የቦርደዴ ሰው

ሰኔ 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለኋላ ክፍላችን ተከራይ ተገኘ። አቶ ዘገየ ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ድምፃቸው ወፍራም ነው። ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ትልልቅ ድስትና ሦስት ጆንያ ባዶ የቢራ ጠርሙስ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ ፈለቀች ጆንያዎቹን አይታ፣ "ይህን ሁሉ ብቻውን ነው የጠጣው?" አለችኝ።

ሙያቸውን ስትጠይቃቸው፣ "መድኃኒት እሠራለሁ" አሉ።

"ሐኪም ነዎት?"

"ሐኪም ቤት ደክሞት የተወውን ነው እኔ የምቀበለው።"

እህቴ አልወደደቻቸውም። እኔ ስለ ሰውዬው ምንም አስተያየት የለኝም። ባርኔጣቸው ቡናማ ነው።

ሰኔ 16

ግቢው ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳምና ማር አብረው ይቀቅሉበታል። በመጨረሻ አረቄ ጠብ ያደርጉበታል። እህቴ ድስቱን ከፍታ አየችና፣ "ይህንንማ እኔም ለጉንፋን አፈላዋለሁ" አለች።

"እርስዎ ድስት ውስጥ ነው የሚተዉት" አሏት። "እኔ ጠርሙስ ውስጥ አስገባዋለሁ።"

ሰኔ 21

አቶ ዘገየ ከገበያ ተናደው ተመለሱ። የመድኃኒታቸው ስም "ደህና ሰንብት በሽታ" ነው። በእጃቸው ሲጽፉት ፊደሉ ስለሚተልቅ "በሽታ" የሚለው በጠርሙሱ ጀርባ ይውላል። ከፊት የሚነበበው "ደህና ሰንብት" ብቻ ነው። ዛሬ አንድ የታመመ ሽማግሌ ጠርሙሱን ተቀብሎ አነበበና ቤተሰቡን ሰብስቦ መሰናበት ጀመረ አሉ።

ታይፒስት መሆኔን ከእህቴ ሰምተው ኖሮ፣ "ወይዘሪት ሳህሊቱ፣ በአንድ መስመር የሚገባ አድርገው ይጻፉልኝ" ብለው ለመኑኝ። ጻፍኩላቸው። እግረ መንገዴን ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

"እርስዎ እኮ ጸሐፊ ነዎት" አሉኝ።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሪፖርት ስገለብጥ ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም። አሉ፤ ስላሉ መዘገብኩት።

ሰኔ 29

ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ የተፈወሱ ሰዎች ቃል ያስፈልጋል አሉ።

"የተፈወሱት የት አሉ?"

"ይፈወሳሉ። እኛ ቀድመን እንጻፍላቸው።"

አይሆንም አልኳቸው። ውሸት ነው አልኳቸው። ከዚያ እራት በላሁ። ከእራት በኋላ አራት ሰው ጻፍኩ።

ከሁሉ የምወዳቸው ሁለቱን ነው። አንዷ ወይዘሮ ኮከቤ ከሚኤሶ ናቸው። ጆሯቸው ደንቁሮ ነበር፤ ዛሬ ባቡሩ ገና ከአዋሽ ሳይነሳ ፊሽካውን ይሰማሉ። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ "እኔ ኢታና ቢራቱ የተባልኩ የቦርደዴ ነዋሪ፣ ዘጠኝ ዓመት በምርኩዝ ስሄድ ኖሬ፣ ሁለት ጠርሙስ ጠጥቼ ምርኩዜን ለጎረቤቴ ለአጥር እንጨት ሰጠሁት።" አጥሩን ስጽፍ ራሴ ሳቅሁ። ቦርደዴን የመረጥኩት ቆላ ስለሆነ ነው። ከዚህ ማን ወርዶ ያጣራል?

ሐምሌ 5

የመሥሪያ ቤቱ የማባዣ ማሽን ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ለግል ጉዳይ ማባዛት ብርቱ ጥፋት መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ማስጠንቀቂያውን ታይፕ አድርጌ ማሽኑ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሦስት መቶ ቅጂ።

ምን ነካኝ?

ሐምሌ 12

ከተማው ተሸበረ። ሰው ጠዋት ሲነሳ በየደጁ ወረቀት አገኘ። በዚህ ዘመን በራሪ ወረቀት ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም። ማንም በአደባባይ አያነበውም። ሁሉም በር ዘግቶ ያነበዋል። የእኔ ጽሑፍ ይህን ያህል በጥሞና ተነቦ አያውቅም።

የወፍጮ ቤቱ ታደሰ ወረቀቱን ኪሱ እንደያዘ የቀበሌ ጥበቃዎች ሲመጡ አየና ዋጠው። ስለ መድኃኒት መሆኑን የሰማው ከዋጠው በኋላ ነው። ሲያስቸግረው የኖረው ቃር ያን ቀን አልተነሳበትም ይላል። ዘገየ ይህንንም በምስክርነት እንዳስገባለት ጠየቀኝ።

"የዋጠው መድኃኒቱን ሳይሆን ወረቀቱን ነው" አልኩት።

"ወረቀቱስ የማን ነው?" አለኝ።

እህቴ ከማድ ቤት ሆና ትሰማናለች። "'አቶ'ው የት ሄደ? 'እርስዎ'ስ?" አለች።

ሐምሌ 20

አለቃዬ ጓድ በለጠ ቢሮ ጠሩኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነው።

"ሳህሊቱ፣ ሰርኩላር ጻፊ" አሉ። "ማባዣ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ይጣራ። ይህን ሕገወጥ የጤና ወረቀት ያባዛው ሰው በአስቸኳይ ይያዝ።"

ስለዚህ ዛሬ እኔ ራሴ እንድያዝ የሚያዝ ደብዳቤ ታይፕ አደረግሁ። በዚያው ማሽን ስድሳ ቅጂ አባዛሁት። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ። የታይፕ መኪናዬ "ጤ" ከተሰበረች ቆይታለች፤ ቀለበቷ አይታይም። በወረቀቱ ላይ "ጤና" ሃያ ሦስት ጊዜ አለች፤ ሃያ ሦስቱም ቀለበት የላቸውም። በሰርኩላሩ ላይ አንድ "ጤ" ብትገባ አለቀልኝ። "ጤና" ያለበትን ሁሉ "ደህንነት" አደረግሁት።

ጓድ በለጠ አነበቡት። "'ጤና' ብዬሽ አልነበረም?"

"'ደህንነት' ሰፋ ይላል፣ ጓድ።"

አሰቡበት። "አዎ፣ ሰፋ ይላል" ብለው ፈረሙ።

ሐምሌ 21

አልተኛሁም። ለዘገየ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልጽፍም። ቆርጫለሁ።

ሐምሌ 23

ሁለት ጻፍኩለት። አጫጭር ናቸው።

ነሐሴ 3

ጾም ነው። እህቴ ሽሮፑ ያስፈስካል ትላለች፤ ዘገየ ማርና ቅጠል ነው ይላል። እኔ ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ እወስዳለሁ። አሞኝ አይደለም፤ ጥራቱን ለመቆጣጠር ነው። ዛሬ አዲስ ነጠላ አወጣሁ። እህቴ "የት ልትሄጂ ነው?" አለችኝ። ወዴትም አልሄድም፤ ግቢ ውስጥ ነኝ።

ነሐሴ 9፣ ቅዳሜ

ይህን ቀን በሰከነ ልብ ልጻፈው።

ከሰዓት በፊት አንድ ረጅም ሰው ገቡ። ጸጉራቸው ከጎን ከጎን ሸብቷል። እግራቸው አቧራ ለብሷል። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው ከመሐሉ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ሰዎች ይዘውት በሄዱት ጠርሙስ ላይ "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" የሚለውን አንብበው ነው የመጡት።

"ይህን ወረቀት ማን ጻፈው?" አሉ። ዘገየ ገበያ ነበር። እህቴ በከንፈሯ ወደ እኔ አመለከተች።

"እኔ ኢታና ቢራቱ ነኝ" አሉ።

ቁጭ አልኩ።

"እግሬን አሞኝ አያውቅም። ምርኩዝም የለኝም።"

"አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስሙ እንዲሁ ነው የመጣልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም።"

"አለሁ" አሉ። "ሰው ይመጣል። ከገለምሶ ይመጣል፣ ከሚኤሶ ይመጣል፣ አንዱ ከድሬዳዋ በባቡር መጣ። እግርህን አሳይ ይላል። አሳያለሁ። የትኛው ነበር ይላል። አንቺ አልጻፍሽም። ቀኝ ነው ግራ?"

"አላሰብኩበትም ነበር።"

"እኔ አማኝ ነኝ፤ አልዋሽም። 'ሁለቱም ደህና ነው' እላለሁ። እነሱ 'ሁለቱም ነው የዳነው' ይላሉ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ።" ወረቀቱን አገላበጡት። "ጎረቤቴ ዘይኑዲን አጥሩ አለቀ። ምርኩዙ የትኛው እንጨት ነው ብለው ይነቅላሉ። ለበረከት ይወስዳሉ።"

እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ውጭ ሆና ስትስቅ ይሰማል። እኔ አፈር ብሆን ደስ ባለኝ።

"ማስተባበያ እጽፋለሁ" አልኳቸው። "ኢታና ቢራቱ ታመው አያውቁም ብዬ እጽፋለሁ። ሰው መምጣቱን ይተዋል።"

ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፋቸው ውስጥ መለሱት። "ነገያ ነው፤ ሰላም ነው" አሉ። "አትቸኩዪ።"

በዚህ መሐል ዘገየ ከገበያ ገባ። ማን እንደሆኑ ነገርኩት። ሳይደነግጥ ባርኔጣውን አነሳና፣ "እግርዎ እንዴት ሆነልዎት?" አላቸው።

ምሳ አቀረብንላቸው። ሲበሉ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ከሦስት ወር መሆኑን ለእህቴ ሲነግሯት ሰማሁ። ልጅ የላቸውም። እኔ የሰውየውን ስም ስጽፍ ስለ ሚስት አላሰብኩም ነበር። አጥሩን ብቻ ነበር ያሰብኩት።

ነሐሴ 11

ማስተባበያውን ጀመርኩ። ቀደድኩት። "አትቸኩዪ" ያሉት ለምንድን ነው?

ነሐሴ 25

ከበላይ አካል የመጡ አንድ ጓድ ወረቀቱን አይተው ወደዱት። የራሳችን ሕዝብ፣ የራሳችን ቅጠል፣ በራስ መተማመን አሉ። አሁን ጓድ በለጠ አባዢውን መፈለግ ትተዋል። ሌላ ነገር ነው የሚፈልጉት። መስከረም 2፣ በአብዮቱ በዓል፣ ኢታና ቢራቱ መድረክ ላይ ወጥተው ለሕዝብ ይመሰክራሉ።

የጥሪውን ደብዳቤ ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በሾፌር ተላከ።

ለዘገየ ነገርኩት። ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ጣለው። "መድረክ ላይ? ሰውየው?" አለ። "ያ የማይዋሸው?"

ነሐሴ 28

ሾፌሩ መልስ አመጣ። "እመጣለሁ። አልዋሽም።" ሌላ የለም።

ጳጉሜ 3

የሩፋኤል ዝናብ ጣለ። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ደጅ ወጥተን ተጠመቅን። ዘገየ ሁለቱንም ድስት ክፍት አድርጎ ከጣራው ሥር ደቀነና፣ የዘንድሮው ሽሮፕ በቅዱስ ዝናብ የተሠራ መሆኑን ጻፊልኝ አለኝ። እህቴ ሄዳ ሁለቱንም ድስት በእግሯ ገለበጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሱ አላዘንኩም።

ጳጉሜ 5

ዘገየ በጠዋት ማር ሊገዛ ሚኤሶ ወረደ። ሻንጣውንም ይዟል።

"ማር በሻንጣ ነው እንዴ የሚገዛው?" አለች እህቴ።

ማሩ ብዙ ከሆነ ሻንጣ ያስፈልጋል አልኳት።

መስከረም 1 ቀን 1974

አልመጣም። ለበዓል የሚሆን ማር ማግኘት ጊዜ ይወስዳል።

መስከረም 2

አልመጣም። እሱን ልተወው።

ኢታና መጡ። ሌሊት በጭነት መኪና ተነስተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከሁሉ ቀድመው ሜዳው ላይ ተገኙ። አንድ የማላውቀው ሰው ተጠግቶ ጉልበታቸውን ሲዳስስ አየሁ። ቆመው አስዳሰሱት።

ንግግሩ ረጅም ነበር። እኔ ነኝ ታይፕ ያደረግሁት፤ የት ላይ እንደሚጨበጨብ ሁሉ አውቃለሁ። ከዚያ ጓድ በለጠ ማይኩን ይዘው፣ "አሁን በሀገር በቀል መድኃኒት የተፈወሱት ጓድ ኢታና ቢራቱ ቃላቸውን ይሰጣሉ" አሉ። ከመድረኩ ሥር ቆሜአለሁ። እስር ቤት ምን ተይዞ እንደሚገባ እያሰብኩ ነበር።

ኢታና ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ይኸው፣ በሁለት እግሬ ቆሜአለሁ" አሉ።

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ጓድ በለጠ በዚሁ ቢበቃ ምን ነበር? ግን ደስ አላቸው። "ከመድኃኒቱ በፊትስ?" ብለው ጠየቁ።

"ከመድኃኒቱ በፊትም በሁለት እግሬ ነበርኩ።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ሌላ።

"ታዲያ መድኃኒቱ ምን አደረገልዎት?" አሉ ጓድ በለጠ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

"መድኃኒቱን አልጠጣሁም" አሉ ኢታና። "ወረቀቱን ነው የማውቀው። ሚስቴ ሞተች፤ ለቅሶው አለቀ፤ ከዚያ ቤቴ ሰው አልመጣም። ዓመት አልመጣም። ማታ ማታ ከበሬው ጋር አወራ ነበር። ከዚያ ይህ ወረቀት ወጣ፤ ሰው መጣ። ቆሎ ቆላሁ፤ ውኃ አቀረብኩ፤ እግሬን አሳየሁ። ሰው ሲመጣ ሽማግሌ ይላጫል፤ ቤቱን ይጠርጋል። እኔ ታምሜ እንደነበር አላወቅሁም ነበር። የጻፈው ሰው ግን ሳያየኝ አወቀ።"

ማይኩን መልሰው ሰጡና ወረዱ።

መጀመሪያ ያጨበጨቡት ሴቶቹ ናቸው። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። የበላዩ ጓድ ሲያጨበጭቡ ያየ ሁሉ ደግሞ ጨመረበት። ጓድ በለጠ ላባቸውን ጠረጉ።

እኔ አላጨበጨብኩም። መሐረብ እየፈለግሁ ነበር። ጉንፋን ሳይዘኝ አልቀረም።

መስከረም 5

ጓድ በለጠ አስጠሩኝ። በሩን ዘጉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ ገና ሳይጠይቁኝ።

"መሆንሽን ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ። በዚህ ቢሮ ከአንቺ በስተቀር ቃል ሊያሰፋልኝ የሚሞክር ማን አለ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ጓድ?"

መስኮቱን አዩ። "ለጨጓራዬ ስጠጣው ነበር" አሉ። "የቀረ የለም?"

የማባዣውን ቁልፍ ተቀበሉኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ይጻፍልሽ አሉ። የምጽፈው እኔው ነኝ። ረቂቃቸው ውስጥ ሦስት የሰዋስው ስሕተት ነበር፤ አረምኩላቸው። "ጥፋተኛዋ" የሚለውን ግን አልነካሁትም። የቀሩትን አምስት ጠርሙሶች ማታ ቤታቸው አደረስኩ።

መስከረም 13

የወፍጮ ቤቱ ታደሰ ገለምሶ ሄዶ ዘገየን ገበያ መሐል አይቶታል። ያንኑ ሽሮፕ ይሸጣል። ስሙን ግን "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎታል። የምትጽፍለት አንዲት አስተማሪ አለች አሉ።

ጽሑፏ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ታደሰ አላነበበውም። እኔ ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁት።

መስከረም 19

ኢታናን ለበዓሉ ያመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ቢሮ መጣ። "የቦርደዴው ሽማግሌ ሰላም ብለውሻል።"

"ሌላስ?"

"ሰው መምጣቱን ትቷል ብለዋል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። እንዲሁ ነገሩኝ።"

እህቴ ይህን ስነግራት ቀና ብላም አላየችኝ። "ይቅርታ በአካል ነው የሚጠየቀው" አለች። ትክክል ናት። በደንብ አልጠየቅኋቸውም። የአንድን ሰው ስም ያለፈቃዱ መጠቀም ቀላል ነገር አይደለም።

መስከረም 24፣ እሑድ፣ ቦርደዴ

ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ። ሾፌሩ ጠዋት አወረደኝ፤ በዘጠኝ ሰዓት ስመለስ እወስድሻለሁ ብሎኛል። ሙቀቱ ሌላ ነው። አዲሱ ነጠላ ላብ በላብ ሆነ።

ኢታና ደጃቸውን እየጠረጉ አገኘኋቸው። ከመኪናው ስወርድ አይተው መጥረጊያውን ከኋላቸው ደበቁት። ይቅርታዬን በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ፣ "ቆሎ ትበያለሽ?" አሉኝ። ሦስተኛውን አልደረስኩበትም።

ጎረቤታቸው ዘይኑዲን ከነባለቤቱ መጣ። የጻፈችው ይህች ናት ሲሉት ተቆጥቶኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እጄን ጨብጦ፣ "ወላሂ፣ እኔንም ጻፊኝ" አለኝ።

"ምንዎን አሞዎት?"

"ምንም። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ቀለል ያለ በሽታ ምረጪልኝ። የማያሳፍር።"

ባለቤቱ የጀርባ ይሁንለት አለች። አንዲት ሌላ ጎረቤት ጥርስ ፈለገች። የጥርስ ሕመም ጠያቂ ያመጣል አያመጣም በሚለው ተከራከሩ። ኢታና አፋቸውን ይዘው ሲስቁ ነበር። ከእንግዲህ አልጽፍም፤ ቁልፉንም ተቀብለውኛል አልኩ። ቅር አላቸው። ቢሆንም ማንም ተነስቶ አልሄደም። ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ወሬ ተጀመረ። ከብቱን በሚመለከት እኔም ሁለት ነገር ተናገርኩ። ስለ ከብት ምን እንደማውቅ እንጃ።

አሁን መሽቷል። በዘይኑዲን ቤት ከባለቤቱ ጋር ነው የማድረው። ይህን የምጽፈው በኩራዝ ነው። እህቴ አታስብም፤ ጠዋት ስወጣ የሌሊት ልብስ ቦርሳዬ ውስጥ የከተተችው እሷ ናት፤ ያየሁት አሁን ነው።

ለቢሮው ነገ ምን እላለሁ? የዘይኑዲን ባለቤት አሞኝ ነበር በዪ አለችኝ። ኢታና ያንን ሰምተው ወደኔ አዩና አንገታቸውን ደፉ። ስለዚህ አሞኝ ነበር አልልም። መኪና አመለጠኝ እላለሁ።

ለዚህ ደብተር ግን እውነቱን ልጻፍለት። መኪናው በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ፣ በሩ ድረስ ተጠግቶ፣ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። እኔ ቆሎ እየበላሁ ነበር።